ከአራዳ እስከ ሽንዲ፦ ክለብ የማን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ካለና አገሩ ሰላም ከዋለ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ሽንዲ የገባ እንግዳ ወጣቱን ፍለጋ ብዙ አይደክምም። ዲኤስቲቪ ቤት ነው። አግዳሚው ሞልቶ የተረፈው በር ላይ ቆሟል። የአርሴናልን ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ስም፣ የማንቸስተርን የዝውውር ሒሳብ ሳያዛንፍ የሚያወራ ልጅ ሞልቷል። "የከተማህ ቡድን ዛሬ ከማን ጋር ነው?" ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ቢጠየቅም መልሱ ሳቅ ነው።

ሳቁ ግን ያስቆጫል። ምዕራብ ጎጃም ባዶ አገር አይደለም። ፍኖተ ሰላም የዞን መቀመጫ ናት። ቡሬ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ነቀምት የሚገነጠልባት፣ በርበሬዋ ስም ያለው፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት። ሽንዲ ደግሞ የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በቆሎውና በርበሬው ከዚያ ተጭኖ ይወጣል። ሰው አለ፣ እህል አለ፣ ሜዳ አለ፣ ኳስ የሚወድ ልጅ አለ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ከተሞች ተነስቶ የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳ ክለብ የለም።

ለምን? ብሎ የጠየቀ ሰው ወዲያው የሚሰማው መልስ "በጀት የለም" የሚል ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ አገር ክለብ ማለት በጀት ማለት ሆኗል። ከንቲባው ፈቀደ፣ ክለብ ተወለደ፤ ከንቲባው ተነሳ፣ ክለብ ታመመ። ክለብ ግን ድሮ እንዲህ አልነበረም። የአገሪቱ ትልቁ ክለብ ሲወለድ የፈቀደለት በጀት አልነበረም።

ከአራዳ የተነሳው ማኅበር

ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ታኅሣሥ። የጣሊያን ጦር በሰሜንና በደቡብ እየገፋ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ በአብዛኛው የውጭ ሰው ጨዋታ ነበር። አርመኖቹ፣ ግሪኮቹ፣ ጣሊያኖቹ በየማኅበረሰባቸው ተሰባስበው ይጫወታሉ። የአገሬው ልጅ ዳር ቆሞ ተመልካች ነው፤ ቢበዛ ኳስ አቀባይ።

አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ያደጉ ልጆች ግን ዳር መቆሙ አልዋጠላቸውም። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች አስተባባሪ ሆኑና ቡድን ተመሠረተ። ስሙንም ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱለት፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ከሁለቱ አንዱ፣ ጆርጅ ዱካስ፣ የግሪክ ዘር ያለው ነው። የኢትዮጵያውያን መመኪያ የሆነው ክለብ ሲወለድ ከአዋላጆቹ አንዱ ከፊሉ የባዕድ ደም ያለው የአራዳ ልጅ መሆኑ ለኋላ ጨዋታ ይቀመጥ።

ከመጀመሪያዎቹ ልጆች መካከል የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ ይገኝበታል። ገና የ14 ዓመት ልጅ ነው። ይህ ልጅ ከ20 ዓመት በላይ የአንድ ክለብ ማልያ ለበሰ። ኋላም የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ፣ ከ1964 ዓ.ም. አንስቶ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከኳሱ ዓለም እንድትገለል ከታገሉት ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ የበቃ ሰው የተገኘው ከአካዳሚ አይደለም፤ ከአንድ የሰፈር ቡድን ነው።

ስሙ ተቀማ፣ ሰው ግን አልተቀማም

ክለቡ በተመሠረተ በአምስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ፋሽስቱ ነጩንና ጥቁሩን በኳስ ሜዳም ለየ። ኢትዮጵያውያኑ ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተነጠቀና "ሊቶርዮ ውቤ ሰፈር" ተባለ። አምስት ዓመት አለፈ። ጠላት ወጣ፤ ስሙ ተመለሰ። በ1942 ዓ.ም. ክለቡ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ደርግ መጣ። ክለቦች እንደገና ሲደራጁ ጊዮርጊስ ለሁለተኛ ጊዜ ስሙን አጣ፤ "አዲስ አበባ ቢራ" ተባለ። በቢራ ፋብሪካ ስም እየተጫወተ በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ዋንጫ በዋንጫ ሆነ። ሥርዓቱ ሲለወጥ ስሙ አሁንም ተመለሰ።

እንግዲህ ቆም ብሎ ማሰብ ነው። አንዱ መንግሥት ስሙን ነጠቀ፤ ሌላው መንግሥት ስሙን ነጠቀ። ክለቡ ግን አልሞተም። ለምን ቢባል ክለቡ ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ስም አልነበረማ! ካታንጋ የሚቀመጠው፣ ሚስማር ተራ የሚገፋፋው፣ ከማን አንሼ ሆኖ የሚዘምረው ሰው ነበር ክለቡ። ስም በደብዳቤ ይቀየራል፤ ሰውን ግን በደብዳቤ ማዘዋወር አይቻልም።

ውጤቱም ይኸው ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. አንስቶ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ፈረሰኞቹ ዋንጫውን 16 ጊዜ አንስተዋል። በ2009 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነዋል። "ባለሀብት ደግፏቸው፣ ቢራ ስፖንሰር ሆኗቸው ነው" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ደግፏቸዋል። ግን ባለሀብቱ የመጣው ሕዝቡ ከመጣ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ቢራው የተሸጠው ሕዝቡ ስላለ ነው። ቅደም ተከተሉ አይዘንጋ።

የከሰል ቆፋሪዎቹ ከተማ

ይህ የጊዮርጊስ ነገር የአዲስ አበባ ዕድል ብቻ የሚመስለው ካለ አንድ ሩቅ አገር ያለች ትንሽ ከተማ ትጠራለት። ስሟ ፌዘርስቶን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ዮርክሻየር የምትገኝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከተማ ናት። ጨዋታዋ እግር ኳስ ሳይሆን ራግቢ ነው፤ ያ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ እንቁላል የመሰለ ኳስ ያለው ጨዋታ።

ራግቢ እዚህ አገር ብዙ አይታወቅም። ታሪኩ ግን ለኳስ ወዳጅ ሁሉ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃደርስፊልድ በምትባል ከተማ፣ ጆርጅ ሆቴል በሚባል ቤት የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ተሰበሰቡ። ጠቡ ምን ነበር? ተጫዋቾቹ ላብአደሮች ናቸው፤ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው። ሲጫወቱ የቀን ደመወዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቹ "የቀረባቸውን እንካስላቸው" አሉ። የደቡቦቹ ጌቶች ደግሞ "ጨዋ ሰው ለገንዘብ አይጫወትም" አሉ። እርሻና ርስት ላለው ሰው ይህን ማለት ቀላል ነው። የሰሜኖቹ ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ራግቢ ለሁለት ተከፈለ። የደቡቡ ማኅበር ለተጫዋች በግልጽ መክፈልን የፈቀደው ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። መቶ ዓመት!

የፌዘርስቶን ልጆች ክለባቸውን "ፌዘርስቶን ሮቨርስ" ብለው እ.ኤ.አ. በ1902 መሠረቱ፤ በ1921 ወደ ትልቁ ሊግ ገቡ። በስፋቷ ከጎጃም የወረዳ ከተሞች ብዙም የማትበልጥ ከተማ ናት። በዚያ አገር አንድ ቀልድ አለ፤ ተጫዋች ያጠረው ክለብ የከሰል ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ቢያፏጭ በቂ ነው፣ አንዱ ከሥር ይወጣለታል ይባላል። እነዚህ ከጉድጓድ የወጡ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1967ና በ1973 የአገሪቱን ትልቅ ዋንጫ ወሰዱ። በ1983 ደግሞ ዌምብሌይ ላይ ትልቁን የኸል ክለብ 14 ለ 12 አሸንፈው አገር ጉድ አሰኙ።

ከዚያ መከራው መጣ። በ1985 የከተማዋ የከሰል ጉድጓድ ተዘጋ። ሥራ ጠፋ። አሥር ዓመት ቆይቶ የሩፐርት መርዶክ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲመጣ "ትንንሽ ክለቦች ይዋሃዱ" ተባለ። ፌዘርስቶን፣ ካስልፎርድና ዌክፊልድ የሚባሉ ሦስት ጎረቤት ክለቦች በአንድ ስም "ካልደር" እንዲባሉ ታሰበ። ከላይ ሲታይ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሦስት ደሃ ቢደመር አንድ ሀብታም ይወጣዋል ተብሎ ነው። ደጋፊው ግን እምቢ አለ። አባቶቹ የከፈሉበትን ስም ለቴሌቪዥን አልሸጥም አለ። ውህደቱም ቀረ።

ፌዘርስቶን ከዚያ ወዲያ ሀብታም ሆነች ወይ? አልሆነችም። ገንዘብ የተቸገረ ክለብ ሆና ቀጠለች። ዳሩ ግን አንድ ነገር በግልጽ ታይቷል፤ ክለቡ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ "የእኛ ነው" ብሎ አደባባይ የሚወጣ ሰው ነበር። ይህ ጥያቄ ዛሬ በአንዱ የኢትዮጵያ ከተማ ቢነሳ ስንት ሰው ይወጣል?

በጀት የወለደው፣ በጀት የገደለው

ወደ አገር ቤት እንመለስ ከተባለ የሚያሳዝን ዝርዝር አለ። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የነበረው የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ኮተን፣ ዛሬ የት አለ? ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ሜዳ ላይ ከነበሩት ልጆች መካከል የዚያ ፋብሪካ ልጆች ነበሩበት። የፋብሪካው ዘመን ሲያልፍ የቡድኑም ዘመን አለፈ።

ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር። በ2011 ዓ.ም. ወረደ። ዛሬ "ደደቢት" ሲባል ኳስ ትዝ የሚለው የተወሰነ ሰው ነው። ንግድ ባንክ በ2009 ዓ.ም. ወረደና ቡድኑ ፈረሰ፤ እንደገና ተቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ለባንኩ ክብር ነው፤ እንኳን ደስ ያለው። ግን ክለብ በአንድ ስብሰባ ፈርሶ በሌላ ስብሰባ የሚነሳ ከሆነ፣ ደጋፊው እስከዚያ ድረስ ምን ይሁን? ማልያውን አጥቦ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠው?

የከተማ ክለቦቹም ጣጣ ሌላ ነው። በክልሉ ሁለቱ ትልልቆች በስም የሕዝብ ናቸው። ዐፄዎቹ፣ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ፣ ከ1960 ዓ.ም. አንስቶ ቆይተው በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆኑ ያ ደጋፊ የነበረውን ደስታ ያየ ያውቀዋል። የጣና ሞገዶቹ፣ ባሕር ዳር ከነማ፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ናቸው። ሕዝብ አላቸው። ግን ኪሳቸው ያለው ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ነው። የተጫዋች ደመወዝ ሲዘገይ የሚለመነው ደጋፊው አይደለም፤ ከንቲባው ነው። የሚያዝዘውም የሚለመነው ነው።

ደመወዙስ? በ2011 ዓ.ም. የክረምት ስብሰባ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ጣሪያ አበጁ፤ ከፍተኛው የወር ደመወዝ 50 ሺህ ብር እንዲሆን። ጣሪያ ያስፈለገው ቤቱ እየተቃጠለ ስለነበር ነው። ውኃ ያልገባለት ቀበሌ ነዋሪ ግብር ከፍሎ፣ ያ ግብር ለአንድ ዓመት ውል ለመጣ አጥቂ ሲከፈል፣ ነዋሪው "ክለቤ" እንዲል መጠበቅ ይከብዳል። አጥቂውም ቢሆን ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የተከፈለውን ወስዶ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰባስበው ይካሄዱ ጀመር። መነሻው ኮሮናም የቴሌቪዥን ሥርጭትም ነበር። ዲኤስቲቪ ለአምስት ዓመት የተዋዋለው 68 ሚሊዮን ዶላር ለክለቦቹ ትልቅ እፎይታ ነበር። አቡበከር ናስር በዚያው ዓመት ለቡና 29 ጎል ሲያገባ አፍሪካ በሙሉ ያየው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን የጎንደር ልጅ ሻምፒዮኑን ቡድኑን በቴሌቪዥን ካየ፣ ከአርሴናል በምን ተለየ? እንዲያውም አርሴናል ሥዕሉ ይጠራል!

ዕድር ማቋቋም የሚችል ሕዝብ

ታዲያ ሽንዲ ምን ታድርግ? እጇን አጣጥፋ የዘይት ፋብሪካ ባለቤት ይምጣልኝ ትበል? ወይስ ወረዳው በጀት ይያዝልኝ ብላ ማመልከቻ ትጻፍ?

መልሱ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ድንኳንና ብረት ድስት ከሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ነው። ዕድር! በኢትዮጵያ የሌለበት ሰፈር የለም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። መዝገብ አለው። ወርኃዊ መዋጮ አለው። የቀረ ይቀጣል፤ ያልከፈለ ይጠየቃል። ሰው ሲሞት ማንም ከንቲባ ሳይፈቅድ ድንኳኑ ይተከላል። መንግሥት መጣ፣ መንግሥት ሄደ፤ ዕድር ግን አለ። ሰንበቴውም፣ ማኅበሩም፣ ዕቁቡም እንዲሁ። ሰው ለሞቱ ይህን ያህል ከተደራጀ ለልጆቹ ጨዋታ መደራጀት እንዴት ያቅተዋል?

ሒሳቡን መሥራት ነው። አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለት ሺህ አባወራ በወር አሥር ብር ቢያዋጣ ወሩ 20 ሺህ፣ ዓመቱ 240 ሺህ ብር ነው። ይህ ገንዘብ በዚያ በ2011 ዓ.ም. ጣሪያ ከአንድ ተጫዋች የዓመት ክፍያ ግማሽ አይሞላም፤ የእሱ 600 ሺህ ነበርና። በዚህ ፕሪሚየር ሊግ አይገባም። ኳስ ግን ይገዛል። ማልያ ይገዛል። ሜዳ ይደለደላል። ቡሬ ድረስ፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ የሚያመላልስ መኪና ይከራያል። ለዳኛ አበል ይከፈላል። የሦስት ከተማ ልጆች ቅዳሜ ለቅዳሜ የሚገናኙበት ውድድር ለማቆም ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ይድነቃቸውን ያፈራው ክለብ ሲነሳ ከዚህ የበለጠ አልነበረውም።

ጥቅሙ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ነው። አሥር ብር የከፈለ ሰው ይጠይቃል። "ኳሱ ለምን ፈነዳ? ሒሳቡ የታለ? የእገሌ ልጅ ለምን ተጠባባቂ ሆነ?" ይላል። ይጨቀጭቃል፣ ያበሽቃል፣ ይቆጣጠራል። ይህ ጭቅጭቅ ነው ክለብ የሚባለው። በነጻ የመጣ ክለብ የሚጨቀጭቅለት የለውም፤ ሲሞትም የሚያለቅስለት የለውም።

የዘይት ፋብሪካውስ? ይምጣ እንጂ! ነጋዴውም ይምጣ፤ የበርበሬ ላኪውም፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለው የአገር ልጅም ይምጣ። ግን እንደ ቅመም። ወጡ የአባሉ ይሁን። ስፖንሰር ሲሄድ የሚቀር ነገር ከሌለ ወጥ አልነበረም፣ ቅመም ብቻ ነበር ማለት ነው።

ጎጃም ለዚህ ባዕድ አይደለም። የገና ጨዋታን ማን አስተማረው? ሩሩን ጠልዞ፣ በጥምዝ በትሩ መትቶ፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተከፍሎ ሲጫወት ኖሯል። በዚያ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ጌታው ቢመታም አይቆጣም። እንግሊዞቹም ራግቢያቸውን ያገኙት እንዲሁ መንደር ከመንደር ከሚገፋፋበት ጨዋታ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እነሱ ጨዋታውን መዝገብ ላይ አሰፈሩት፣ አባል መዘገቡ፣ መዋጮ ሰበሰቡ። እዚህ ገና ሲያልፍ ጨዋታውም ከበዓሉ ጋር ያልፋል።

"ዘረኝነቱስ?"

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሸሽቶ ማለፍ አይገባም። "የሕዝብ ክለብ ስትሉ የብሔር ክለብ ይሆናል" የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከሜዳ ላይ የመጣ ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወልዲያና የመቀሌ ክለቦች ሊጫወቱ ወልዲያ ላይ የሆነውን የሚረሳ የለም። ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ፤ ኳስ ሊያይ የወጣ ሰው ረብሻ አይቶ ገባ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል።

ፍርሃቱ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። ሜዳውን ያሳከሩት ክለቦች ችግራቸው ሕዝብ ስለነበራቸው አይደለም። ሕዝቡ አባል ሳይሆን ጭፍራ ስለሆነ ነው። አባል ስሙ መዝገብ ላይ አለ፤ ጥፋቱ ያስቀጣዋል፣ ከዕድሩ ያስወጣዋል። ጭፍራ ስም የለውም። ድንጋይ ወርውሮ ሰልፍ ውስጥ ይጠፋል።

ደግሞም ያቺ ለኋላ የተቀመጠች ጨዋታ አለች። የኢትዮጵያውያንን ክለብ ከመሠረቱት አንዱ ጆርጅ ዱካስ ነው። ኢትዮጵያ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ስታነሳ አምበሏ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው፤ አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያን። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ነበር፤ ከጎኑ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ። የቡድኑ ልጆች ነበሩ፤ አለቀ።

ስለዚህ የሽንዲ ክለብ መተዳደሪያ ደንብ የመጀመሪያው አንቀጽ አጭር ይሁን፤ በከተማዋ የሚኖር፣ መዋጮውን የሚከፍል ሁሉ አባል ነው። ከነቀምት መጥቶ ሱቅ የከፈተውም፣ ከወሎ መጥቶ የሚያስተምረውም፣ እዚያው ተወልዶ ያደገውም እኩል ይጻፍ። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ከራግቢዎቹ ይዋስ። እነሱ "ሦስተኛው አጋማሽ" የሚሉት ነገር አላቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ባለሜዳው እንግዳውን ቡድን ያበላል፣ ያጠጣል። ሜዳ ላይ አጥንት ሲሰባበሩ የዋሉ ሰዎች አንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። ለጎጃሜ ይህ ትምህርት አይሆንበትም። እንግዳ ተቀባይነት ያደገበት ነው። የቡሬ ልጆች ሽንዲ መጥተው ተሸንፈው ይሁን አሸንፈው፣ እንጀራ ሳይቆርሱ አይመለሱ። አብሮ የበላ ሰው ድንጋይ ለማንሳት እጁ ይከብደዋል።

ጊዜው አይደለም የሚለው ሰው

የመጨረሻው ተቃውሞ "ጊዜው ነው ወይ?" የሚለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንስቶ ክልሉ በግጭት ውስጥ አልፏል። መንገድ የተዘጋበት፣ ትምህርት ቤት ያልተከፈተበት፣ እናት ልጇን ከቤት እንዳይወጣ የለመነችበት ቀን ብዙ ነው። በዚህ መሀል ስለ ኳስ ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

ግን የጊዮርጊስን የልደት ቀን ማየት ነው። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጊዜው ነበር ወይ? ጠላት አገር እየገባ፣ ከተማው ሊያዝ ወራት ሲቀረው፣ የአራዳ ልጆች ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ያኔም "ጊዜው አይደለም" ያለ አስተዋይ ሰው ጠፍቶ አይደለም። እነሱ ግን መልካም ጊዜ እስኪመጣ ቢጠብቁ ኖሮ ክለቡ አይኖርም ነበር። ክፉውን ጊዜ ለመሻገር ክለቡ ረዳቸው እንጂ ክፉው ጊዜ ክለቡን አላስቀረውም።

የፍኖተ ሰላም ስም ትርጉሙ የሰላም ጎዳና ነው። በዚያ ጎዳና ላይ የሦስት ከተማ ልጆች ማልያ አንጠልጥለው የሚመላለሱበት ቀን እንዲመጣ ስታዲየም ተሠርቶ ማለቅ የለበትም። ሚኒስትርም ሪባን መቁረጥ የለበትም። የሚያስፈልገው አንድ የመስመር ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ስማቸውን ለመጻፍ የማያፍሩ ሃምሳ ሰዎች ናቸው። የቀሩት ይመጣሉ።

ዲኤስቲቪ ቤቱ አይዘጋ፤ አርሴናልም ይታይ። ግን አንድ ቅዳሜ "ዛሬ የአርሴናልን ጨዋታ አላይም፣ የእኛዎቹ ከቡሬ ጋር ናቸው" የሚል የሽንዲ ልጅ ሲገኝ፣ ያኔ ያቺ ከተማ ክለብ አላት። ዋንጫው ቆይቶ ቢመጣ ግድ የለም።